የሜትሮ ወጪ ማን ላይ ነው የሚወድቀው?

"ዲሲ (ዋሽንግተን ከተማ) ውስጥ ለሚሄድ ባቡር ጎረቤቷ የሜሪላንድ ግዛት ምን አገባው" የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ባጭሩ ልበል። የዋሽንግተን ሜትሮ፣ ማለትም የአካባቢው የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅት፣ ከትኬት የሚያገኘው ወጪውን አይሸፍንም፣ ጉድለቱን የሚሞሉት ዲሲ፣ ሜሪላንድና የሰሜን ቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞች ናቸው። የባቡሩ ድርሻ ለብዙ ዓመት ሲሰላ የኖረው በሦስት እኩል ነገር ነው፣ የሕዝብ ብዛት ከነጥግግቱ፣ የጣቢያ ቁጥርና የተሳፋሪ ብዛት። ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው፣ በዚህ ቀመር ተሳፋሪ ሲቆጠር የኖረው በሚኖርበት እንጂ በሚሳፈርበት አይደለም። ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርሽ ዲሲ ያለው ቻይናታውን ብትሳፈሪም በዚህ ቀመር የምትቆጠሪው ለሜሪላንድ ነው፣ እኔ በበኩሌ ይሄ ልክ ነው እላለሁ። የጣቢያ ቁጥሩ ግን ያከራክራል፣ ጣቢያውን የጎረቤት ካውንቲ ሰው ቢሞላውም በዚህ ቀመር ሂሳቡ ጣቢያው ያለበት አካባቢ ላይ ነው የሚወድቀው። የአውቶቡሱ ቀመር ሌላ ነው፣ የብሩ መጠንም በየዓመቱ በጀት ይቀያየራል።