«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»፦ ኧረ ጅቡ መቼ ሄደና?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቴሌቪዥኑ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ያሳያል። ኤድዋርድ መሮው የተባለው የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ስለ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ይናገራል። ማካርቲ ያገኘውን ሁሉ «ኮሚኒስት» እያለ አሜሪካንን ያስጨነቀው ሰው ነው። ወዳጄ ስኒውን አስቀመጠና «አይ፣ ይሄማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» አለ፤ መሮው የተናገረው ዘግይቶ ነው ማለቱ ነው። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ቡናው አልወርድልህ አለኝ።

ተረቱ ቦታውን ስቷል። ለምን እንደሳተ ለመናገር ደግሞ መጀመሪያ ወደ መንዝ መሄድ አለብኝ።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው አያቴ ዘንድ ነበር። ብርድ ነው፣ በግ ነው፣ የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ላይ እሾህ ይደረደርበታል። በጎቹ ሲመሽ ጉረኖ ይገባሉ። ውሻችን ስሙ «ማን ደፍሮ» ነበር። (ያኔ የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት ማስተላለፊያም ነበር፤ አያቴ ለማን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።) ማን ደፍሮ ቀን ቀን ለስሙ የሚመጥን ውሻ ነው። መንገደኛ አያሳልፍም። ቄሱን አያሳልፍም። የጎረቤት አህያ ሳይቀር ይፈራዋል። ማታም ጅቡ ከወንዝ ማዶ ሲጮኽ በዚያው ልክ ይመልስለታል።

ጅቡ ሲቀርብ ነው ጉዱ። አያቴ የጅቡን መምጣት የምታውቀው ውሻው ዝም ሲል ነው። «ዝም በል፣ አያ ጅቦ ደጅ ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ። ማን ደፍሮ ጭራውን ወትፎ መደቡ ሥር ተሸጉጧል። ሲንቀጠቀጥ መደቡ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል። ጉረኖው ውስጥ በጎቹ ይተረማመሳሉ። አጎቴ ችቦ ለኩሶ «ሃይ! ሃይ!» እያለ ይወጣል። አንድ ሌሊት ሲደርስ አንዲት ጠቦት የለችም።

ከዚያ ምን ሆነ? ጅቡ ጋራውን ዞሮ ሲሄድ ማን ደፍሮ ከመደቡ ሥር ወጣ። ካቡ ላይ ቆመ። እስኪነጋ ጮኸ። የጎረቤት ውሾች ተቀበሉት። መንደሩ በአንዴ በጀግና ተሞላ። ጧት አያቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አሁን የምትጮኸው ለማን ነው?» አለችው።

እኔ ተረቱ ያለው እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ጅቡ እንደሆነ አይሰማም፤ ሄዷል። ውሻው የሚጮኸው ለባለቤቱ ነው። ጧት ፍርፋሪው እንዳይቀርበት ነው። እንግዲህ ተረቱ የሚነቅፈው መዘግየትን ብቻ አይደለም፤ ጅቡ ጉረኖ ውስጥ ሳለ መደብ ሥር ተሸጉጦ፣ ሲሄድ ዘበኛ መምሰልን ነው።

እንዲያውም የራሴ ግምት አለኝ፤ እወደዋለሁ። ይህ አባባል የተወለደው አውጫጭኝ ላይ ይመስለኛል። ድሮ አገር ውስጥ ስርቆት ሲፈጸም ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሥራው ይቆማል፣ ከብቱ ይራባል። እና በሦስተኛው ቀን አንዱ ይነሣና «እኔ እኮ ያን ሌሊት አይቼዋለሁ» ይላል። ሌባው በሬውን ነድቶ ቆላ ከወረደ በኋላ! እስቲ አስቡት፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ሽማግሌ ሌላ ምን ይላል?

ስሙ ያልጠራ ሰው ቤቱ አይገባም የሚለው ነገር ደግሞ ወደ አሜሪካ ይመልሰኛል። ማካርቲ እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1950 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ዊሊንግ ከተማ ላይ ቆሞ፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉ 205 ኮሚኒስቶችን ዝርዝር ይዣለሁ አለ። ብዙም ሳይቆይ ቁጥሩ 57 ሆነ። ያን ጊዜ ከመቶ ቤት ቴሌቪዥን የነበረው ዘጠኙ ያህል ነው። በ1954 ከግማሽ በላይ ሆነ። አዲሱ የቤት ውሻ ይህ ሣጥን ነበር እንበል።

ታዲያ ውሻው መጀመሪያ ምን አደረገ? የራሱን ቤተሰብ ነከሰ። በሰኔ 1950 ሬድ ቻነልስ የሚባል ጥራዝ በኮሚኒስት ወዳጅነት የጠረጠራቸውን 151 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች ስም አወጣ፤ ተዋናይ፣ ጸሐፊ፣ ሙዚቀኛ። ፍርድ ቤት የለም፣ ክስ የለም። ተዋናይቷ ጂን ሚዩር በዚያው ዓመት በስልክ አቤቱታ ብቻ ከሥራዋ ተባረረች። ስፖንሰሩ ሸቀጡን መሸጥ ነው የሚፈልገው፤ ጣጣ አይፈልግም።

ጅቡ ደጅ ሳለ የጮኹም ነበሩ። ሴናተር ማርጋሬት ቼስ ስሚዝ በሰኔ 1 ቀን 1950፣ የማካርቲ የገዛ ፓርቲ አባል ሆና፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ተነሥታ ተቃወመች። አብረዋት የፈረሙት ሴናተሮች ስድስት ብቻ ናቸው።

መሮውስ? ዘገየ፤ አራት ዓመት ቀላል አይደለም። ይህን ለወዳጄ እሰጠዋለሁ። ነገር ግን መጋቢት 9 ቀን 1954 ማታ ሲናገር ማካርቲ ገና የሴኔቱ የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢው ጋሎፕ ሲጠይቅ ግማሹ አሜሪካዊ ይደግፈዋል። ሲቢኤስ ፕሮግራሙን ላለማስተዋወቅ ዳር ቆመ፤ መሮውና ባልደረባው ፍሬድ ፍሬንድሊ የጋዜጣ ማስታወቂያውን ከኪሳቸው ከፈሉ። ፕሮግራሙ ራሱ በአብዛኛው የማካርቲ የገዛ ፊልም ነው፤ ሲስቅ፣ ሲያስፈራራ፣ ሲያቋርጥ። ችቦ ለኩሶ ጉረኖውን እንደማሳየት ማለት ነው።

ከዚያ ሚያዝያ 22 ላይ የጦር ሠራዊቱና የማካርቲ ሙግት በሴኔቱ ፊት ተጀመረ። ኤቢሲና ዱሞንት የተባሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ አስተላለፉት። ኤቢሲ ቀን ቀን የሚያሳየው ብዙ ነገር ስላልነበረው ነው ይባላል፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰኔ 9 ቀን ማካርቲ የሠራዊቱን ጠበቃ ወጣት የሥራ ባልደረባ ስም በኮሚኒስት ወዳጅነት ሲያነሣ፣ ጠበቃው ጆሴፍ ዌልች «ጨርሶ ይሉኝታ የለህም ወይ?» አለው። ታዳሚው አጨበጨበ። እናቶች ልብስ እየተኮሱ ሰውየውን አዩት። ያለቀለት ያን ጊዜ ነው።

ሴኔቱ በታኅሣሥ 2 ቀን 67 ለ22 አወገዘው። እንግዲህ ካቡ ላይ የቆመ ውሻ ከተፈለገ፣ ከዚያ ቀን በኋላ «እኔ ድሮም አልወደውም ነበር» ካሉት መሀል ይፈለግ።

ዛሬ ዛሬ ይቺን ተረት ያረፈደ ሁሉ ላይ እንወረውራለን። ፌስቡክ ላይ ከእስር ወጥቶ የደረሰበትን የሚናገር ሰው ሥር ሳይቀር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ኧረ በሕግ! ያ ሰው እኮ ጠቦቷ ነው። ከጅብ አፍ ተርፋ ብትጮኽ ምን ነውር አለው?

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰማና «ታዲያ ለመሮው ምን ልበል?» አለኝ።

«አርፍዶ ደረሰ በል። ተረት ማን አስገደደህ?»