ትእምርት ምንድን ነው? በኪሊማንጃሮ በረዶ ላይ የቀረው ነብር

ከኪሊማንጃሮ ምዕራባዊ ጫፍ አጠገብ ደርቆ በረዶ የሆነ የነብር በድን አለ። ነብሩ ያን ያህል ከፍታ ላይ ምን ፍለጋ እንደወጣ የነገረን ሰው የለም። የአሜሪካዊው ደራሲ የኧርነስት ሄሚንግዌይ «የኪሊማንጃሮ በረዶዎች» የሚጀምረው ይህንኑ በመንገር ነው፤ የተራራውን ቁመት በጫማ ቆጥሮ፣ ማሳዮች ጫፉን የእግዚአብሔር ቤት እንደሚሉት አስታውሶ፣ ልክ እንደ ጂኦግራፊ መጽሐፍ። አጭር ልብወለዱ እ.ኤ.አ. በ1936 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጣ። ነብሩ ከዚያ መግቢያ በኋላ ተመልሶ አይነሣም። ታሪኩን አንብቦ የጨረሰ ሰው ግን አይረሳውም።

ይህ ነብር ትእምርት ነው። ቃሉ የግእዝ ሲሆን ምልክት ማለት ነው፤ «ትእምርተ መስቀል» ሲባል የምንሰማው ራሱ ነው። በሥነ ጽሑፍ ደግሞ በድርሰቱ ዓለም ውስጥ ራሱን ሆኖ እየኖረ ከራሱ አልፎ ሌላ ነገር እንድናስብ የሚያደርገንን እንስሳ፣ ዕቃ፣ ቦታ ወይም ድርጊት ትእምርት እንለዋለን። «ራሱን ሆኖ» የሚለውን አደራ አትለፉት። ነብሩ መጀመሪያ ነብር ነው። እንዲያውም በ1920ዎቹ ተራራውን የወጡ ሰዎች በረዶ ላይ የደረቀ ነብር በዓይናቸው አይተዋል።

ታሪኩ የሚሆነው ከተራራው በታች፣ ሙቀት ባለበት ሜዳ ላይ ነው። ሃሪ የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ በሸራ አልጋ ላይ ተኝቶ ይሞታል። ከሁለት ሳምንት በፊት የድፋርሳ መንጋ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ሲጠጋ ጉልበቱን እሾህ ጫረው። ወዲያው አዮዲን አልቀባውም። ጭረቱ አመረቀዘ፣ እግሩ በጋንግሪን ተበላ። የጭነት መኪናቸው ኩሽኔታ ተቃጥሎ ቆመዋል፤ አውሮፕላን ይጠብቃሉ። ጥንብ አንሳዎች ሜዳው ላይ ሰፍረዋል። የሃሪ የመጀመሪያ ንግግር ደግሞ የሚደንቀው ነገር አለማመሙ ነው የሚል ነው።

እኔ የታሪኩ ቁልፍ ይህ አለማመም ይመስለኛል። ሃሪ የመጻፍ ተሰጥኦውን ያጣው በአንድ ቀን አደጋ አይደለም። ሀብታም ሚስት፣ መጠጥ፣ ምቾት፣ «ነገ እጽፈዋለሁ» ማለት፤ እያንዳንዱ ትንሽ ጭረት ነበር፤ ሲበሰብስም አላመመውም። እግሩና ሕይወቱ በአንድ መንገድ ሞቱ። ሄሚንግዌይ ይህን መመሳሰል በግልጽ አይነግረንም፤ እሾህና ያልተቀባ አዮዲን ያሳየናል፣ ይበቃል።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ሁለት ቃል አለው። በሠራነው ክፉ ነገር ጸጸት ይሰማናል፤ ሳንሠራው ባለፈን ነገር ቁጭት ይበላናል። ሃሪ ሁለቱም አሉበት፣ እስከ መጨረሻው የማይለቀው ግን ቁጭቱ ነው። አልጋው ላይ ሆኖ ያልጻፋቸውን ታሪኮች አንድ በአንድ ያስታውሳል። ከእነርሱ አንዱን እነሆ። በአሜሪካ አንድ የከብት እርባታ ላይ አእምሮው ደካማ የሆነ፣ ሥራ የሚያግዝ ልጅ ነበር። ድርቆሹን ማንም እንዳይነካ ታዟል። ቀድሞ ይገርፈው የነበረ ሽማግሌ መጥቶ መኖ ሊወስድ ሲል ልጁ በጠመንጃ ገደለው። ሃሪ ሬሳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በበረዶ መንሸራተቻ ላይ ሲጎትት ልጁም አብሮት ይጎትታል፤ ግዴታውን ስለተወጣ የሚሸለም መስሎታል። ከተማ ደርሰው ፖሊስ እጁን በካቴና ሲያስረው ማመን አቅቶት አለቀሰ። ሃሪ ከዚያ አገር ብቻ ቢያንስ 20 ጥሩ ታሪኮች ያውቅ ነበር። አንዱንም አልጻፈም።

ይህን ካነበብን በኋላ ነው ነብሩ የሚከብደን። አንዱ ጫፍ ሊደርስ ሲወጣ ሞተ፤ በድኑ ከቅዝቃዜው የተነሣ አልበሰበሰም። ሌላው ሜዳ ላይ ተኝቶ በቁሙ ይበሰብሳል። ሁለቱም ሟቾች ናቸው፤ የሚለያዩት ሞት ባገኛቸው ቦታ ነው።

በሜዳው ሞትን የሚያመለክተው ጅብ ነው። ሌሊት ከደጅ የጅብ ድምፅ እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። ሞት ለሃሪ መጀመሪያ የሚመጣው እንደ ድንገተኛ፣ መጥፎ ሽታ እንዳለው ባዶነት ነው፤ ጅቧ በዚያ ባዶነት ዳር ሹልክ ብላ ታልፋለች። ኋላ ሞት ራሱን አልጋው ግርጌ ያሳርፋል፤ ትንፋሹም ይሸተዋል። ሃሪ ለሚስቱ ሞት ማጭድና የራስ ቅል አለው የሚሉትን እንዳታምኚ ይላታል፤ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ፖሊሶች ወይም ወፍ ሊሆን ይችላል፣ እንደ ጅብ ሰፊ አፍንጫም ይኖረዋል። ያረጀውን የሞት ምልክት ጥሎ ከአጠገቡ ያለውን ማንሣቱ ነው ሞቱን የሚያስፈራ ያደረገው።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ እዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል። በቅኔ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይገኛል፤ ወርቁ ከተገኘ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል። ትእምርት አይቀልጥም። ነብሩን ጥለን «ከፍ ያለ ምኞት» የሚል ፍቺ ብንይዝ በእጃችን የሚቀረው የትም የሚገኝ ቃል ነው፤ በረዶው፣ የደረቀው ቆዳ፣ መልስ ያጣው ጥያቄ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ «ነብሩ የምን ትእምርት ነው?» ተብሎ በአንድ ቃል መልስ ሲጠየቅ ያሳዝነኛል። ሄሚንግዌይ ራሱ ስለ ሌላ ሥራው፣ ስለ «ሽማግሌውና ባሕሩ»፣ በ1952 በጻፈው ደብዳቤ ትእምርት የሚባል እንደሌለበት፣ ባሕሩ ባሕር፣ ሽማግሌው ሽማግሌ መሆኑን ተናግሯል። ትእምርት የለም ማለቱን እንዳለ አልቀበለውም፤ ባሕሩ አስቀድሞ ባሕር ይሁን ማለቱን ግን እቀበላለሁ።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ካትሪን አን ፖርተርም «የግራኒ ዌዘራል መከዳት» በተባለው ታሪኳ እንዲሁ ታደርጋለች። የምትሞት አሮጊት፣ ከ60 ዓመት በፊት በሠርጓ ቀን ጥሏት የቀረ ሙሽራ፣ ከአልጋዋ አጠገብ የሚበራ መብራት። ልጆቿን ያሳደገች፣ ቤቷን በወግ ያስተዳደረች ሴት ናት፤ ያ ቀን ግን አልለቀቃትም። በመጨረሻ ከፈጣሪ ምልክት ትጠይቃለች፣ አይመጣም። ሙሽራው ዳግመኛ ቀረ። እርሷም መብራቱን በትንፋሿ ታጠፋለች።

ሄሚንግዌይ በ1934 መጀመሪያ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በአሜባ ተቅማጥ ታሞ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ተወስዶ ድኗል። ለሃሪም አውሮፕላን ይመጣለታል፤ ወደ አሩሻ ይሄዳል ስንል ወደ ግራ ይታጠፋል፣ በዝናብ ውስጥ ያልፋል፣ ከፊቱ በፀሐይ ያበራ፣ ዓለምን የሚያህል ነጭ የተራራ ጫፍ ይቆማል። ሃሪ የሚሄደው ወደዚያ መሆኑን ያውቃል። በ1952 የተሠራው ፊልም ሃሪን ከሞት አድኖታል፤ በእኔ እምነት በዚያው ነብሩንም ተራራውንም ባዶ አደረጋቸው። በጽሑፉ ግን አውሮፕላን አልመጣም ነበር፤ በረራው በሃሪ አእምሮ ውስጥ ብቻ የሆነ ነው። ሌሊቱ አልነጋም። ጅቧ እንደ ሰው ልቅሶ ያለ ድምፅ ስታሰማ ሚስቱ ሄለን ትነቃለች፣ በባትሪ ታበራለች፤ እግሩ ከአልጋው ውጭ ተንጠልጥሏል፣ ፋሻው ወርዷል። ሃሪ! ትላለች። ሃሪ! ጅቧ እንደገና ትጮኻለች። ሄለን ግን ልቧ እየመታ ስለሆነ አትሰማትም።