ቪባክ ምንድን ነው? አይሞከርም፣ ይሆናል እንጂ

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚኒባስ ስሄድ ሬዲዮው ላይ የጤና ፕሮግራም ነበር። እንግዳው ስለ ቪባክ እያወራ፣ ድምፁን ረጋ አድርጎ «75 በመቶ አስተማማኝ ነው» አለ። ከፊቴ የተቀመጠች የገፋች ነፍሰ ጡር ወደ እናቷ ዘወር ብላ «ከአራት አንዷ ትሞታለች ማለት ነው?» ስትል ሰማኋት። እናትየው አማተቡ። ልናገር አፌን ስከፍት ረዳቱ «ሂሳብ!» አለ፤ መውረጃዬም ደረሰ። ያን ጊዜ የዋጥኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ቪባክ ማለት ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት የአሁኑን ልጇን አምጣ በማህፀን በር በኩል ስትገላገል ነው። «ስትገላገል» የሚለው ላይ ቁሙልኝ። ልጁ ወጥቶ ካለቀሰ በኋላ የሚወጣ ስም ነው። ከዚያ በፊት ያለው የምጥ ሙከራ ነው፤ እኛ ሐኪሞች እርስ በርሳችን ቶላክ እንለዋለን። ስለዚህ «ቪባክ ልሞክር» የምትል ሴትም፣ «ቪባክ ምረጪ» የሚል አማካሪም፣ ያልደረሱበትን ነገር በእጃቸው እንዳለ አድርገው ነው የሚያወሩት። ልዩነቱን ቋንቋችን ከሐኪም ቀድሞ ያውቀዋል። ለነፍሰ ጡር «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እንላለን፤ ለአራስ ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»። ቶላክ የመጀመሪያው ነው፣ ቪባክ ሁለተኛው። ወደ ምጥ ክፍል የምትገባን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው አላየሁም፤ ከሬዲዮው እንግዳ በቀር።

ቃል ማጥራት የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ የዚያች የሚኒባስ ሴት ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይመልከት። 75 የሚባለው ቁጥር የደህንነት ቁጥር አይደለም፤ የምጡ ሙከራ የመሳካቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ19 የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ከ1999 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ተካሂዶ በ2004 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ፣ ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለዱ ሴቶች ምጥ ሞከሩ። ከመቶ 73 ያህሉ አምጠው ወለዱ። የቀሩት 27ቱስ? ሞቱ ማለት አይደለም። ለአብዛኞቹ ምጡ አልገፋ ብሎ ወይም የልጁ የልብ ምት አስግቶ እንደገና በኦፕራሲዮን ወለዱ፤ ይኸው ነው። ማህፀናቸው የተተረተረው ከ1,000 ሴቶች 7 ናቸው። መተርተርም ቢሆን፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በደቂቃዎች ውስጥ መሥራት ከቻለ፣ በራሱ ሞት ማለት አይደለም። «ይሳካል ወይ?» አንድ ጥያቄ ነው፤ «አደጋ አለው ወይ?» ሌላ። ሁለቱን «ቪባክ» በሚል አንድ ከረጢት የሚከት ሰው፣ ከመቶ 27 ኦፕራሲዮንን ከመቶ 27 አስከሬን አድርጎ ይሸጣል።

«7 ከሺህ ምን አላት» ለሚሉትም ግን አልጨበጭብም። የእናትየው ነገር ባብዛኛው የሚከብደው አምጣ ስትወልድ ወይም ቀኑ ተቆርጦ ስትቀደድ ሳይሆን፣ መሀል ላይ ነው፤ ለሰዓታት አምጣ፣ ደክሟት፣ ከዚያ በጥድፊያ ስትቀደድ። ኢንፌክሽኑም ደም መፍሰሱም እዚያ ይበዛል። ስለዚህ ምርጫው «በተፈጥሮ ወይስ በኦፕራሲዮን» አይደለም። አንዱ ቀን የተቆረጠለት ኦፕራሲዮን ነው፤ ሌላው ወዴት እንደሚያበቃ አስቀድሞ የማይታወቅ ምጥ። ሁለተኛውን የምትመርጥ ሴት ለሁለቱም ፍጻሜ ነው የምትፈርመው።

«ስፌቱ ይፈነዳል» ለሚሉኝ ሱሪ አሳያቸዋለሁ። ጉልበቱ ላይ የተጣፈና ጫፉ ላይ ታጥፎ የተሰፋ ሱሪ አንድ ናቸው? የጉልበቱ ስፌት በተቀመጥክ፣ ደረጃ በወጣህ ቁጥር ይወጠራል። የጫፉ ስፌት ሱሪው እስኪነትብ አብሮት ይኖራል። በምጥ ጊዜ እየተኮማተረ ልጁን የሚገፋው የማህፀን የላይኛው ክፍል ነው፤ ስሱ የታችኛው ክፍል ይለጠጣል እንጂ አይገፋም። ዛሬ በብዛት የሚቀደደው ይሄ የታችኛው ነው፣ ያውም አግድም። የመተርተር አደጋው ከሺህ ከ5 እስከ 9 ነው የሚባለው ስለ እሱ ነው። ላይኛው ክፍል ላይ፣ ማለትም ጉልበቱ ላይ፣ ሽቅብ ከተቀደደ ግን ከመቶ ከ4 እስከ 9 ይደርሳል፤ ለዚያች ሴት ምጥ አይሞከርም።

ሱሪውን ገና አለቅቀውም። ልብስ ሰፊው በሰጠህ ማግስት ኳስ ሜዳ ብትገባበትስ? በሁለቱ ወሊዶች መካከል ከአንድ ዓመት ተኩል ያነሰ ጊዜ ካለ ስጋቱ ይጨምራል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቢጎትተውስ? ይሄ ምጥን በመድኃኒት ማስጀመር ነው። ኦክሲቶሲን በጥንቃቄና በክትትል ይሰጣል፤ ሚሶፕሮስቶል ግን ጠባሳ ላለው፣ ወሩ ለገባ ማህፀን ምጥ ማስጀመሪያ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ለባሹ ቢወፍርስ? ልጁ በጣም ትልቅ ከሆነ ሙከራው የመሳካቱ ነገር ይቀንሳል። ምሳሌው ራሱ የሚቀደደው እዚህ ጋ ነው፤ ጨርቅ አይድንም፣ ማህፀን ይድናል። ክሩ ሟሙቶ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረው ሥጋው ራሱ የሠራው ጠባሳ ነው። ስለዚህ «ዶክተር፣ ክሩ አይበጠስም?» አትበሉኝ።

«አንዴ በኦፕራሲዮን፣ ሁሌ በኦፕራሲዮን» የሚለው ፈሊጥ የመጣው በ1916 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርኩ ሐኪም ኤድዊን ክራጊን ነው። እንደ ሕግ የሚጠቅሱት ሰዎች ሁለት ነገር ይዘላሉ። በዚያ ዘመን የሚቀደደው ጉልበቱ ላይ ነበር፣ ሽቅብ። ሰውየውም ሐኪሞችን የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን በዋዛ አትሥሩ ሊል ነው የተናገረው፤ ከዚያ በኋላ አምጣ የወለደች የራሱ ታካሚ እንደነበረች እዚያው ጽፏል።

የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ምክንያትም ይጠየቃል። ልጁ በመቀመጫው መጥቶ የተቀደደችና ምጡ አልገፋ ብሎ የተቀደደች እኩል ዕድል የላቸውም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜም ቢሆን አምጣ የወለደች ሴት ከሁሉም የተሻለ ዕድል አላት።

ሳይጠየቅ የሚመጣ የሙያ ማስጠንቀቂያ ቢኖርብኝ ቦታውን የሚመለከት ነው። ያ 7 ከሺህ የተለካው ማደንዘዣ ሰጪው፣ ደሙና ኦፕራሲዮን ክፍሉ አንድ ግቢ ውስጥ ባሉበት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱ ሕፃናት ከመቶ 2 ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ከመቶ 21። አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው «ምጥ ልሞክር ወይ?» ሊሆን ይችላል። ከሆስፒታል የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ ለምትኖር፣ ጠባሳ ላላት ሴት ግን መጀመሪያ «ወሩ ሲገባ ማን ዘንድ አርፋለሁ?» ነው። ጠባሳ ይዞ ጤና ጣቢያ ወይም ቤት ማማጥ እዚያ ጥናት ውስጥ ያለው ቶላክ አይደለም።

ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደው «ታዲያ ሁሌ መቀደድ አይሻልም?» የሚሉም አሉ። ስንት ልጅ ትፈልጊያለሽ? የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ባረፈባቸው ሴቶች ላይ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ እንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ጋር የመጣበቁ ዕድል ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀደዱ ከመቶ 11፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀደዱ 40 መሆኑን አሳይቷል። የተጣበቀ እንግዴ ልጅ ምን ያህል ደም እንደሚያፈስ ያየ ሰው አራተኛ ኦፕራሲዮንን እንደ ቀላል አያወራም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ዋና ነገር ልምጣ፦ ጠባሳን ከውጭ አይቶ መፍረድ። እኛ ሐኪሞች ጠባሳን በእንግሊዝኛው «ስካር» እያልን እናወራለን። አንድ ጊዜ አንዲት እናት «ስካር አለባት» ብዬ ለነርሷ ስነግራት ሰምተው «ኧረ ዶክተር፣ መጠጥ በአፌም አልዞረ!» ብለው ተቆጥተውኛል። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠባሳ እላለሁ። ግን በየትኛውም ስም ይጠራ፣ ሆድ ላይ ያለው የማህፀኑን አይናገርም። ከውጭ ሽቅብ የተቀደደች ሴት ማህፀኗ አግድም ተቀድዶ ሊሆን ይችላል፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። የሚያውቀው የቀደደው ሰው የጻፈው ወረቀት ብቻ ነው።

ዘንድሮ አንዲት ወጣት መጣች፤ ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው። የሆዷ ጠባሳ ቀጭን፣ አግድም፣ ፓንት የሚሸፍነው። የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። «ዶክተር፣ አምጬ መውለድ ነው የምፈልገው» አለችኝ። እኔም ለማለት ያህል ወረቀቷን ጠየቅኋት እንጂ በልቤ ተስማምቼ ነበር። በፌስታል ጠቅልላ ያመጣችው የመውጫ ወረቀት «በኦፕራሲዮን ወለደች» ብቻ ይላል። ባሏ ክፍለ ሀገር ላለው ወንድሙ ደወለ፤ ወንድምየው ሁለት ቀን ተመላልሶ የኦፕራሲዮን ማስታወሻውን ከማኅደሯ አስወጥቶ ፎቶውን በቴሌግራም ላከ። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ልጁ አልወጣ ስላለ ቅዱ ከመሀል ወደ ላይ እንደተራዘመ ተጽፏል። ከውጭ የጫፍ ስፌት፣ ከውስጥ ጉልበት።

ምጥ ሳይጀምራት ቀን ቆረጥንላት። ስንከፍት የሁለቱ ቅዶች መጋጠሚያ በጣም ሳስቶ የልጁ ፀጉር በስሱ ይታይ ነበር። ልጅቷ ደህና ናት፤ እናቷም። አማቷ በሩ ላይ ቆመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉ ነርሷ ገና አልጋውን እየገፋች ነበር። ስትወጣ ወረቀቷ ላይ በአማርኛ፣ በትልልቁ «ማህፀኗ ወደ ላይም ተቀድዷል፤ ከእንግዲህ ምጥ አይሞከርም» ብዬ ጻፍኩ። ባሏ ሁለቴ ፎቶ አነሳው፤ አንዱን ለወንድሙ ላከ።