መሪ ውሻ የሚሰጥ በጎ አድራጎት እንዴት ይቋቋማል?

አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ከመሪ ውሻዋ ጋር እየሄደች ነው እንበል። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ውሻው ይቆማል። እሷ በእግሯ ጠርዙን ትዳስሳለች። ከዚያ ጆሮዋን ትጥላለች። መኪኖቹ ከየት ወዴት እየሄዱ ነው? የፊት ለፊቱ መስመር ጸጥ ብሏል? ውሻ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም፤ የትራፊክ መብራት ማንበብ ሥራው አይደለም። መቼ እንደሚሻገሩ የምትወስነው እሷ ናት። "ወደፊት!" ትላለች። በዚያች ቅጽበት ግን ድምፁ ብዙም የማይሰማ የኤሌክትሪክ መኪና ጥግ ታጥፎ ይመጣል። ውሻው አየው። ንቅንቅ አይልም። ደግማ ብታዘው እንኳ አይንቀሳቀስም።

በመሪ ውሻ ሥልጠና ውስጥ ከባዱ ነገር ይሄ ነው። ውሻው መታዘዝን ከተማረ በኋላ፣ አለመታዘዝ ያለበትን ጊዜም መለየት አለበት። ብዙ ሰው መሪ ውሻ ሲባል "ፖስታ ቤት ውሰደኝ" ተብሎ የሚወስድ ይመስለዋል። መንገዱን የምታውቀው ግን እሷ ናት፤ ግራና ቀኙን የምትነግረውም እሷ ናት። የእሱ ድርሻ ጉድጓዱን፣ ምሰሶውን፣ የቆመውን መኪና፣ ግንባር የሚመታውን ቅርንጫፍ እያሳለፈ ቀጥ አድርጎ መውሰድ ነው። ሁለቱ ተደምረው ነው አንድ መንገደኛ የሚሆኑት።

እንዲህ ያለ አገልግሎት ለማቋቋም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ መቁጠር ያለበት ዓመታትን ነው። አንድ ቡችላ ተወልዶ፣ አድጎና ሠልጥኖ ሥራ እስኪጀምር ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ያገለግልና ጡረታ ይወጣል። ሰውየው ግን ጡረታ አይወጣም። ሌላ ውሻ ያስፈልገዋል፤ ከዚያም ሌላ። ለአንድ የሃያ ዓመት ወጣት የገባችሁት ቃል ዕድሜውን ሙሉ ይከተላችኋል። እኔ በበኩሌ በዚህ ሥራ ከገንዘቡም ከውሻውም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይሄ ነው እላለሁ።

ከየት ተጀመረ?

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው የታወቀ የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1916፣ በጀርመን ኦልደንቡርግ ከተማ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደሮችን ዓይናቸውን አሳጥቷቸው ነበር። መሥራቹ ሐኪሙ ጌርሃርድ ሽታሊንግ ነው። እንደሚተረከው ከአንድ ዓይነ ስውር ታካሚ ጋር ሲንሸራሸር በድንገት ተጠርቶ ሄደ፤ ውሻውን እዚያው ተወው። ሲመለስ ውሻው ታካሚውን ሲጠብቀው አገኘ። ሐሳቡ ከዚያ መጣለት ይባላል። በ1923 ደግሞ በፖትስዳም ሌላ ትልቅ ማሠልጠኛ ተከፈተ።

ፖትስዳምን ከጎበኙት ሰዎች አንዷ ዶሮቲ ሃሪሰን ዩስቲስ ነበረች። አሜሪካዊት ናት፤ በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት የሚሆኑ የጀርመን እረኛ ውሾች ታሠለጥን ነበር። ያየችውን በ1927 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ጻፈች። ጽሑፉ በቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ለሚኖር ሞሪስ ፍራንክ ለሚባል ዓይነ ስውር ወጣት ተነበበለት። ሞሪስ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ልጅ ነበር። አንዱን ዓይኑን በሕፃንነቱ፣ ሌላውን በጉርምስናው በቦክስ ግጥሚያ አጥቷል። የትም ለመሄድ ሰው መለመን አንገፍግፎታል። ለዶሮቲ ደብዳቤ ጻፈላት፤ እሷም ና አለችው።

በ1928 ስዊዘርላንድ ሄዶ ከአንዲት የጀርመን እረኛ ውሻ ጋር ሠለጠነ። ስሟን ባዲ አላት። ኒው ዮርክ ከመርከብ ሲወርዱ ጋዜጠኞች ጠበቁት። አንዱ ዌስት ስትሪትን ተሻገር እስቲ አለው፤ በመኪና የተጨናነቀ ሰፊ አደገኛ መንገድ ነው። ሞሪስ ባዲ ከለበሰችው ማሰሪያ ጋር የተያያዘውን እጀታ ይዞ ገባበት። ተሻገሩም። ለዶሮቲ የላከው ቴሌግራም አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ "ተሳካ"። በጥር 1929 ሲይንግ አይ የተባለው ድርጅት ናሽቪል ውስጥ ተቋቋመ። ትርጉሙ "የሚያይ ዓይን" ማለት ነው። ኋላ ወደ ኒው ጀርሲ ተዛውሮ ዛሬም በሞሪስታውን እየሠራ ነው።

በብሪታንያ ሥራውን ያስጀመሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሙሪየል ክሩክ እና ሮዛመንድ ቦንድ። በ1931 በዎለሲ ከተማ፣ በተከራዩት ጋራዥ ውስጥ አራት ውሾች አስመረቁ፤ ጁዲ፣ ፍላሽ፣ ፎሊ እና ሜታ። ያ ጋራዥ ዛሬ በዓለም ከታላላቆቹ የመሪ ውሻ ድርጅቶች አንዱ ሆኗል። በአፍሪካ በዚህ ሥራ የቆየው የደቡብ አፍሪካው ማኅበር ነው፤ በ1953 የመሠረተችው ግላዲስ ኤቫንስ ራሷ ዓይነ ስውር ነበረች።

አሠልጣኙ ይቅደም

ለእቅድ የሚበጀውን ትምህርት ከእስራኤሉ ማዕከል ታሪክ ማግኘት ይቻላል። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መሪ ውሻ የሚፈልግ እስራኤላዊ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። እንግሊዝኛ ካልቻለ ነገሩ እዚያው ላይ ያከትማል፤ ሥልጠናውም ትእዛዙም በእንግሊዝኛ ነዋ። ኖአኽ ብራውን በሠራዊቱ ውስጥ ውሻ ያሠለጠነ ሰው ነው። ይህን ክፍተት እሞላለሁ ብሎ ተነሣ። ግን ቡችላ ሰብስቦ አልጀመረም። መጀመሪያ ራሱ ውጭ አገር ሄዶ ሙያውን ተማረ። ገንዘብ በማሰባሰቡ ኖርማን ሌቨንታል የተባለ አሜሪካዊ አገዘው። ማዕከሉ በ1991 ተመሠረተ፤ ዛሬ ከቴል አቪቭ በስተደቡብ ቤት ኦቬድ በምትባል መንደር ይገኛል። ውሾቹ የሚታዘዙት በዕብራይስጥ ነው።

ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። አሠልጣኝ ሳይኖር የተገዛ ውሻ ቀለብ ብቻ ነው። ብቁ አሠልጣኝ ለመሆን ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር ሦስት ዓመት ገደማ መሥራት ያስፈልጋል። ሠልጣኙ ዓይኑን ታስሮ በውሻ እየተመራ መንገድ ይወጣል፤ ሌላው ሰው በምን ላይ እንደሚተማመን በገዛ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ይረዳዋል። ሙያው ውሻ ከማሠልጠን ያልፋል። ሰውን ማስተማር፣ በቅርቡ ዓይኑን ያጣን ሰው ተስፋ መቁረጥ ማወቅ፣ መታገሥም አለበት። የዓለም አቀፉ የመሪ ውሾች ፌዴሬሽን በ1989 ተቋቁሞ የሙያውን መለኪያ ያወጣል፤ አዲስ ድርጅት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሱን መጠጋቱ ይጠቅመዋል።

ቡችላው እና አሳዳጊው

አብዛኞቹ ድርጅቶች የሚጠቀሙት ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨር፣ የሁለቱን ድቅል እና የጀርመን እረኛን ነው። ትልልቆቹ ራሳቸው ያራባሉ፤ ጠባዩና ጤናው ከዘር ይወርዳልና። ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው በጎ ፈቃደኛ ቤተሰብ ይወስደዋል። ከዓመት በላይ አብሯቸው ይኖራል። በእስራኤል ከአሳዳጊዎቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ቡችላው ከወንበራቸው ሥር ተኝቶ ሌክቸር ይከታተላል ማለት ይቻላል።

አሳዳጊዎቹ መንገድ መምራት አያስተምሩትም። ዓለምን ያስተዋውቁታል። አውቶቡስ ያሳፍሩታል። ሊፍት ያስገቡታል። ገበያ ይወስዱታል፤ መሬት ላይ የወደቀ ሥጋ እንዳይነሣ፣ ድመት ሲያይ እንዳይሮጥ፣ የጡሩምባ ድምፅ እንዳያስደነግጠው። በትእዛዝ መጸዳዳትም ይለምዳል፤ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ዓይነ ስውር ሰው ለሚያጸዳው ውሻ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቀን ታዲያ ድርጅቱ መጥቶ ይወስደዋል። እነዚህ ቤተሰቦች የሚያለቅሱበት ቀን ነው። እያወቁት የሚገቡበት መለያየት ስለሆነ ለእኔ ከዚህ የበለጠ በጎ ፈቃደኝነት የለም።

ከዚያ ወራት የሚፈጅ ዋናው ሥልጠና ይከተላል። ሁሉም አያልፉም። አንዱ ወፍ ያሳድዳል፣ አንዱ ይፈራል፣ አንዱ ዳሌው ይታመማል። ሲሶውና ከዚያም በላይ ሊቀር ይችላል፤ ያልሆኑት ሌላ ሥራ ወይም ጥሩ ቤት ይፈለግላቸዋል። እቅድ የሚያወጣ ሰው አሥር ሰው ለማገልገል አሥር ቡችላ ይበቃል ካለ ተሳስቷል።

ማጣመር

ውሻ የሚፈልግ ሁሉ ውሻ አያገኝም፤ ዓይነ ስውር የሆነ ሁሉም ውሻ አይፈልግም። ብዙው ሰው በነጭ በትር ይሄዳል፤ በዚያም ይደሰታል። አመልካቹ በበትር መንገድ መሄድን አስቀድሞ የቻለ መሆን አለበት፤ መንገዱን የማያውቅ ሰው ውሻውን ምን ብሎ ያዘዋል? ለውሻው ቤት፣ ምግብና ፍቅር መስጠት መቻሉም ይታያል።

ማጣመሩ ራሱ ጥበብ ነው። ፈጥኖ የሚራመድ ሰው ዝግ ያለ ውሻ ቢሰጠው ሁለቱም ይሰቃያሉ። ቁመት፣ ጉልበት፣ የሚኖርበት ከተማ፣ ቤት ያሉት ልጆች ይታያሉ። አንዳንድ ቦታ አሠልጣኙ ራሱ የውሻውን ማሰሪያ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ አመልካቹ እጀታውን ይዞ ከኋላ ይከተለዋል። ውሻ ሆኖ ይመራዋል ማለት ነው። በዚያች ጉዞ ርምጃው፣ ሚዛኑ፣ የሚወደው ጉተታ ይለካል። ከዚያ ሰውና ውሻ ለሦስት ለአራት ሳምንት አብረው ይሠለጥናሉ። በመጨረሻም አሠልጣኙ ወደ ቤታቸው ሰፈር ሄዶ ያያቸዋል። ይህ ክትትል በጀት ካልተያዘለት ጥንዱ በመጀመሪያው ዓመት ሊፈርስ ይችላል።

ገንዘቡ

በአሜሪካ አንድ ጥንድ ለማብቃት ከ50,000 ዶላር በላይ እንደሚወጣ ይነገራል። ተቀባዩ ይህን አይከፍልም። ሲይንግ አይ ለመጀመሪያው ውሻ 150 ዶላር፣ ለቀጣዮቹ 50 ዶላር፣ ከወታደር ቤት ለመጡት ደግሞ 1 ዶላር ብቻ ያስከፍላል። ይህች ዋጋ ለአሥርተ ዓመታት አልተነካችም። ወጪ ለመሸፈን የታሰበች አይደለችም። ሰውየው "ከፍዬ ነው የወሰድኩት" እንዲል ነው። ልመና ሰልችቶት ባሕር ለተሻገረው ሞሪስ ይህ ትርጉሙ ብዙ ነበር።

የቀረው ከለጋሾች ይመጣል። በብሪታንያ ትልቁ የገቢ ምንጭ ሰዎች በኑዛዜ የሚተዉት ንብረት ነው። ግን ሕፃናትም አዋጥተዋል። በ1964 ብሉ ፒተር የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ልጆች ብርማ የመጠቅለያ ወረቀትና (ፎይል) የወተት ጠርሙስ ክዳን እንዲሰበስቡ ጠየቀ። ከዚያ ሽያጭ ሀኒ የምትባል መሪ ውሻ ወጣች።

በር የሚዘጉ ሰዎች

ውሻው ሠልጥኖ ሆቴሉ አላስገባም ካለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል። አሜሪካ በ1990 ያወጣችው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሪ ውሻ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቦታዎች በአብዛኛው ከባለቤቱ ጋር እንዲገባ ያዛል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው። ውሻ እፈራለሁ ወይም አለርጂ አለብኝ ብሎ አልጭንም ማለት አይቻልም፤ ተጨማሪ ሒሳብ መጠየቅም አይቻልም። ውሻው ባለቤቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ይተኛል። ማሰሪያውን ከለበሰ ሥራ ላይ ነው፤ አይጠራም፣ አይዳሰስም፣ አይጎረስም።

በኛ ባህል ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው። ቤት አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍማ ጭራሽ። ይህን ስሜት በስድብ ማስቀየር አይቻልም፤ ማስረዳት ግን ይቻላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢታሰብ ሌላም ጥያቄ ይነሣል። በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በቀዶ ሕክምና በሚድን የዓይን ሞራ ግርዶሽ ምክንያት። የባዘኑ ውሾች፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ክዳን የሌላቸው ጉድጓዶችም አሉ። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናውን፣ ቀጥሎ የነጭ በትር ሥልጠናውን፣ ከዚያ ውሻውን አስቀድም ነበር። የሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስሙ "መርሐ ዕውራን" ነው፤ መምራት የሚለው ሐሳብ አገር ውስጥ የቆየ ነው።

ሲያረጅ

ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ውሻው ርምጃው ይከብዳል። ደረጃ ላይ ያመነታል። ባለቤቱ ከሁሉ ቀድሞ በእጀታው በኩል ይሰማዋል። ጡረታ የወጣው ውሻ እዚያው ቤት ሊቀር፣ ለዘመድ ሊሰጥ ወይም ያሳደጉት ቤተሰቦች ሊወስዱት ይችላል። ይህ ሁሉ ገና ውሻው ሲሰጥ መጻፍ አለበት፤ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚችል፣ ቀጣዩ ውሻ መቼ እንደሚደርስ። በመሃል የሚፈጠር የአንድ ዓመት ክፍተት ሥራ የሚሄድን ሰው ቤት ያስቀምጣል።

ባዲ በ1938 ሞተች። ሞሪስ ፍራንክ ከእሷ በኋላ የወሰዳቸውን መሪ ውሾች ሁሉ ስማቸውን ባዲ አላቸው።