ስለ ስታርች ቅርንጫፍ ቆራጭ ኢንዛይሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስታርች ግሉኮስ በግሉኮስ ላይ እየተቀጠለ የተሠራ ሰንሰለት ነው። ሁለት መልክ አለው፤ አሚሎስ የሚባለው ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ሲሆን አሚሎፔክቲን ግን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። በተለመደው የበቆሎ ስታርች ውስጥ ሩብ ያህሉ አሚሎስ፣ ቀሪው አሚሎፔክቲን ነው። ግሉኮሶቹን በቀጥታው የሚያያይዘው ትስስር አልፋ-1,4 ይባላል፤ ቅርንጫፍ የሚበቅልበት መጋጠሚያ ደግሞ አልፋ-1,6 ነው። ከአሚሎፔክቲን ትስስሮች መካከል አልፋ-1,6 የሆኑት ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ናቸው። ግሉኮስ ወይም ማልቶስ (ባለ ሁለት ግሉኮስ ስኳር) አምራቹን የሚያደክሙት ግን እነዚሁ አምስቱ ናቸው። ቅርንጫፍ ቆራጭ ኢንዛይሞች የሚሠሩት እዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ በዙሪያቸውም ብዙ የተዛባ ወሬ አለ።

አመለካከት፦ “ቅርንጫፍ ቆራጭ ስታርችን የሚበታትን ሌላ ዓይነት አሚሌዝ ነው፤ ብቻውን ቢጨመርም ስኳር ይሰጣል”

እውነታው፦ ከቅርንጫፍ ቆራጮቹ አንዱ የሆነው ፑሉላኔዝ የሚቆርጠው መጋጠሚያውን ብቻ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ ይለያል፤ ራሱ ቅርንጫፉ ግን ሳይሰበር ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ይቀራል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከ100 ትስስር 5 ብቻ ቢቆረጥ አዲስ የሚፈጠሩት ጫፎች 5 ናቸው፤ ስለዚህ የዴክስትሮስ አቻው (ዲኢ፦ ስታርቹ ምን ያህል እንደተቆረጠ ከመቶ የሚያሳይ መለኪያ) 5 ገደማ ላይ ይቆማል። ፈሳሹ አይጣፍጥም። እንዲያውም ከቀዘቀዘ፣ ነፃ የወጡት ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ነጭ ደመና ወይም ዝቃጭ ይሠራሉ። ይህ ኢንዛይም ረዳት ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ከማን ጋር እንደተጣመረ ሲታይ ነው።

ሌላም ገደብ አለው። ጥሬ የስታርች ቅንጣት ላይ እምብዛም አይሠራም። ስታርቹ መጀመሪያ ሞቆ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ መፈታት አለበት።

አመለካከት፦ “ፑሉላኔዝ እና አይሶአሚሌዝ የአንድ ነገር ሁለት ስሞች ናቸው”

እውነታው፦ ሁለቱም አልፋ-1,6ን ይቆርጣሉ፤ ምርጫቸው ግን ይለያያል። ፑሉላኔዝ ስሙን ያገኘው ፑሉላን ከሚባለው የፈንገስ ምርት ነው። ፑሉላን ሦስት ሦስት ግሉኮስ የያዙ ክፍሎች በአልፋ-1,6 ተያይዘው የተሠራ ሰንሰለት ሲሆን ፑሉላኔዝ ሙሉ በሙሉ ወደ ማልቶትራዮስ ይቆርጠዋል። አይሶአሚሌዝ ፑሉላንን አይነካም። በሌላ በኩል አይሶአሚሌዝ እጅግ የተጠላለፈውን ግላይኮጅን (በእንስሳት አካል የሚከማች የግሉኮስ ሰንሰለት) በሚገባ ይዘረዝራል፤ ፑሉላኔዝ እዚያ ላይ ደካማ ነው። ሁለት ግሉኮስ ብቻ የያዘች አጭር ቅርንጫፍ ስትገጥም ደግሞ ፑሉላኔዝ ይቆርጣታል፣ አይሶአሚሌዝ ግን ቢያንስ ሦስት ይፈልጋል። አንዲት ግሉኮስ ብቻ በአልፋ-1,6 ከተለጠፈች ሁለቱም አያነሷትም።

በፑሉላኔዞች መካከልም ልዩነት አለ። ዓይነት አንድ የሚባለው አልፋ-1,6ን ብቻ ይቆርጣል፤ ዓይነት ሁለት የተባለው አልፋ-1,4ንም ጨምሮ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 መጀመሪያ የተገለጸው የክሌብሲየላ ባክቴሪያ ፑሉላኔዝ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስና በአሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ለቀናት አይቆይም፤ ስለዚህ ለግሉኮስ ፋብሪካ አልተመቸም። በሩን የከፈተው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባሲለስ አሲዶፑሉሊቲከስ የተገኘው፣ አሲድና ሙቀት የሚችለው ኢንዛይም ነው። “ፑሉላኔዝ ነው” ብሎ መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ በየትኛው ፒኤችና ሙቀት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ መጠየቅ ይገባል።

አመለካከት፦ “ግሉኮአሚሌዝ ሁለቱንም ትስስር ስለሚቆርጥ ቅርንጫፍ ቆራጭ መጨመር ትርፍ ወጪ ነው”

እውነታው፦ ግሉኮአሚሌዝ አልፋ-1,6ን መቁረጡ እውነት ነው፤ ግን በብዙ እጥፍ ይዘገያል። ከሰንሰለቱ ጫፍ አንድ አንድ ግሉኮስ እየነቀለ ሲመጣ መጋጠሚያው ላይ ይንገታገታል። አምራቹ ጊዜውን ቢያራዝም ወይም መጠኑን ቢያበዛ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ግሉኮሱ በተከማቸበት ፈሳሽ ውስጥ ግሉኮአሚሌዝ ራሱ ግሉኮሶችን መልሶ ያጣምራል፤ በተለይ አይሶማልቶስ የተባለ ባለ ሁለት ግሉኮስ ስኳር ይሠራል። በአንድ እጅ የፈታውን በሌላው ይቋጥራል ማለት ነው።

ፑሉላኔዝ ሲጨመር መጋጠሚያው ቀድሞ ይከፈትለታል። ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ከ95 ወይም ከ96 በመቶ ግሉኮስ ወደ 97 በመቶ አካባቢ ነው። ግን አንድ ነጥብ ምን ያህል እንደሆነ እንቁጠር። እያንዳንዱ ትስስር ሲቆረጥ አንድ ሞለኪውል ውሃ ስለሚገባ 100 ኪሎ ደረቅ ስታርች እስከ 111 ኪሎ ግሉኮስ ይሰጣል። በቀን 1000 ቶን ስታርች የሚፈጭ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ነጥብ ማለት 11 ቶን ግሉኮስ ነው፤ በየቀኑ። ትርፉ በዚህ አያበቃም። ያልተቆረጡት ስኳሮች ግሉኮሱ ክሪስታል ሆኖ እንዳይወጣ ያስቸግራሉ፤ ግሉኮስን ወደ ፍሩክቶስ ለሚለውጠው ቀጣይ ኢንዛይምም የማይጠቅም ሸክም ናቸው። ከዚህ ሌላ የግሉኮአሚሌዙን መጠን መቀነስ፣ ጊዜውን ማሳጠር ወይም ደረቅ ይዘቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ውሃ ሲቀንስ ደግሞ በኋላ ለማትነን የሚወጣው እንፋሎት ይቀንሳል። ብዙ ፋብሪካዎች ኢንዛይሙን የሚገዙት ለመጨረሻዋ ነጥብ ሳይሆን ለዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አመለካከት፦ “ከመጀመሪያው ከአልፋ አሚሌዝ ጋር አብሮ ቢገባ ረጅም ጊዜ ይሠራል”

እውነታው፦ ይሞታል። የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው፦ ከ30 እስከ 35 በመቶ ደረቅ ይዘት ያለው የስታርችና የውሃ ድብልቅ በፒኤች 5.5 አካባቢ ሙቀት የሚችል፣ ሰንሰለቱን ከመሃል የሚቆራርጥ አልፋ አሚሌዝ ይገባበታል፤ በእንፋሎት ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ለአምስት ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ ከዚያ በ95 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ዲኢው ከ8 እስከ 12 ሲደርስ የማቅጠን ደረጃ አበቃ። ለፑሉላኔዝ ያ ሙቀት መቃብር ነው። ተራው የሚደርሰው ፈሳሹ ወደ 60 ዲግሪ ከቀዘቀዘና ፒኤቹ ከ4.2 እስከ 4.5 ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ከግሉኮአሚሌዝ ጋር ይገባና ከ36 እስከ 60 ሰዓት ይሠራል።

እዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ብዙዎች የሚስቷት ነገር አለች። ፒኤቹ መውረድ ያለበት ፈሳሹ ገና ትኩስ ሳለ ነው። በ95 ዲግሪ አሲድ ሲጨመር የተረፈው አልፋ አሚሌዝ ይሞታል። መጀመሪያ አቀዝቅዞ ከዚያ አሲድ የሚጨምር ሰው ግን ሕያው አልፋ አሚሌዝ ይዞ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይገባል፤ ያም መጋጠሚያዎቹን በአጭሩ እየከረከመ ፓኖስን የመሳሰሉ ትንንሽ ቅርንጫፋም ስኳሮች ይተዋል። ፑሉላኔዝ ከመጋጠሚያው በሁለቱም ወገን ቢያንስ ሁለት ግሉኮስ ይፈልጋልና እነዚህን መያዣ ያጣባቸዋል። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ኢንዛይም ቢጨመር አይመለስም። ፒኤች የሚለካውም ናሙናው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሙቀት ነው፤ አለዚያ የዛሬው 4.3 ከትናንቱ 4.3 ጋር አንድ አይሆንም።

አመለካከት፦ “ኢንዛይም ሲበዛ፣ ጊዜም ሲረዝም ግሉኮስ ይጨምራል”

እውነታው፦ ግሉኮስ እስከ አንድ ጫፍ ይወጣና ይወርዳል። ጫፉ የት እንደሆነ ለማወቅ የቀጠነው ስታርች በአራት ብልቃጥ ይከፈል፦ አንዱ ግሉኮአሚሌዝ ብቻ፣ ሦስቱ ደግሞ ያው የግሉኮአሚሌዝ መጠን ከሦስት የተለያየ የፑሉላኔዝ መጠን ጋር። ሁሉም በ60 ዲግሪ እየተናወጡ ይቆዩ። በ24፣ 36፣ 48 እና 60 ሰዓት ናሙና ይወሰድ፤ ወዲያው ለ10 ደቂቃ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ኢንዛይሙ ይገደል፤ ከዚያ ስኳሮቹን እየለየ በሚለካው መሣሪያ (ኤችፒኤልሲ) ይለካ። ንባቡ ይህን ይመስላል። አራትና ከዚያ በላይ ግሉኮስ ያላቸው ሰንሰለቶች በ48 ሰዓትም ካልወረዱ ፑሉላኔዙ አንሷል ወይም ሞቷል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፒኤች ከ4 በታች መውረዱ ወይም ታንኩ ከ65 ዲግሪ በላይ መሞቁ ነው። ግሉኮስ እየወረደ ባለ ሁለት ግሉኮሶቹ ከጨመሩ ደግሞ መልሶ ማጣመር ጀምሯል፤ ያኔ ጊዜው ይጠር ወይም ግሉኮአሚሌዙ ይቀነስ። ባለ ሦስቶቹ ግትር ሆነው ከቀሩ ነገሩ ፓኖስ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም የሚፈለገው ቀደም ሲል በተባለው የማቅጠን ደረጃ ላይ ነው።

አመለካከት፦ “አዮዲን ሰማያዊ እስካሳየ ድረስ ኢንዛይሙ አልሠራም”

እውነታው፦ አዮዲን ሰማያዊ የሚሆነው በረጅምና ቀጥ ባለ ሰንሰለት ላይ ነው። አሚሎፔክቲን ከአዮዲን ጋር ወደ ቀይ የሚያደላ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። ቅርንጫፎቹ ሲቆረጡ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቅርንጫፍ ቆራጭ ብቻውን በገባበት ሙከራ ሰማያዊው መጉላቱ የሥራው ምልክት ነው። ሰማያዊው ሲጠፋ ማየት የአልፋ አሚሌዝ መለኪያ ነውና ሁለቱን አለማደባለቅ ነው።

አመለካከት፦ “ጥቅሙ ግሉኮስ ላይ ብቻ ነው”

እውነታው፦ ማልቶስ ላይ እንዲያውም ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ቤታ አሚሌዝ ከጫፍ ሁለት ሁለት ግሉኮስ እየቆረጠ ማልቶስ ይሰጣል፤ መጋጠሚያው ጋ ሲቃረብ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እንደ ግሉኮአሚሌዝ እንኳ በዝግታ አያልፈውም። ብቻውን ከአሚሎፔክቲን የሚያወጣው ከግማሽ ብዙም አይርቅም። ፑሉላኔዝ ሲታከልበት ማልቶሱ ከ80 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው የማቅጠኑ ደረጃ ልከኛ መሆኑ ነው፤ ዲኢው ከፍ ካለ ሰንሰለቶቹ በየቦታው ይሰበሩና ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሁሉ መጨረሻ ላይ ማልቶትራዮስ ይተዋሉ። ዝቅተኛ ዲኢ ግን ፈሳሹን ወፍራምና ለመርጋት ፈጣን ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከ95 ወደ 60 ዲግሪ ቶሎ ማውረድና ኢንዛይሞቹን ሳይዘገዩ መጨመር ግድ ነው።

አይሶአሚሌዝ በበኩሉ በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከስታርች ትሬሃሎስ የተባለ ስኳር የማምረቻው መንገድ ሲከፈት ድርሻ ነበረው፤ ትሬሃሎስ ሠሪዎቹ ኢንዛይሞች ቀጥ ያለ ሰንሰለት ይፈልጋሉና። ፑሉላኔዝን ወደኋላ ማሠራትም ይቻላል፦ በማልቶስ በበለጸገ ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ማልቶስን ሳይክሎዴክስትሪን ከሚባል የግሉኮስ ቀለበት ጋር ያጋጥማል፤ ቀለበቱም በውሃ ይበልጥ የሚሟሟ ይሆናል።

አመለካከት፦ “ቅርንጫፉ የተቆረጠ ስታርች ለምግብ መፈጨት ይቀላል”

እውነታው፦ እንደ አያያዙ ነው። ከላይ እንደተባለው ነፃ የወጡት ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ሲበርዱ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ተጠማዝዘው ጠንካራ ክሪስታል ይሠራሉ። የትንሹ አንጀት አሚሌዝ ይህን በቀላሉ አይፈታውም፤ ተከላካይ ስታርች የሚባለውም አንዱ ዓይነት ይኸው ነው። አሠራሩ፦ 10 በመቶ ያህል ስታርች በውሃ ሙሉ በሙሉ ይበስላል፤ ወደ 55 ዲግሪ ወርዶ በፒኤች 5 ፑሉላኔዝ ይገባበትና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ በመፍላት ኢንዛይሙ ይቆማል፤ በ4 ዲግሪ ለአንድ ቀን ከቆየ በኋላ ይደርቃል። ግሉኮስ ፋብሪካው የሚሸሸው ያ ነጭ ዝቃጭ እዚህ ራሱ ምርቱ ነው።

አመለካከት፦ “ካርቦሃይድሬቱ የተቀነሰ ቢራ አልኮሉም ይቀንሳል”

እውነታው፦ ተቃራኒው ነው። እርሾ የማይበላቸው ቅርንጫፋም የስታርች ስባሪዎች (ዴክስትሪኖች) በቅርንጫፍ ቆራጭ እርዳታ ወደሚበላው ስኳር ሲለወጡ አልኮሉ ይጨምራል፤ ዝቅ የሚለው ጠማቂው ካቀጠነው ነው። ብቅልም የራሱ ቅርንጫፍ ቆራጭ አለው፤ ግን ከፊሉ በገዛ ራሱ ተከላካይ ፕሮቲን ታስሮ ይገኛል፣ ከ65 ዲግሪ በላይም ቶሎ ይሞታል።

አመለካከት፦ “የአንዱ አቅራቢ 1000 ዩኒት የሌላው 1000 ዩኒት ነው”

እውነታው፦ አይደለም። ዩኒት የሚለካው በተወሰነ ሙቀት፣ ፒኤችና ጊዜ ፑሉላን ላይ ነው፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱን መለኪያ ይመርጣል። በ40 ዲግሪ ለደቂቃዎች የተለካ ኃይል በ60 ዲግሪ ለሁለት ቀን ስለመቆየቱ ምንም አይናገርም። ማነጻጸር ያለበት በራስ ስታርች፣ በአራቱ ብልቃጥ ነው።

አመለካከት፦ “በተፈጥሮ ሥራው ማፍረስ ብቻ ነው”

እውነታው፦ ተክል ስታርች ሲሠራ አይሶአሚሌዝ ያስፈልገዋል። ያለ ቦታው የበቀለውን ቅርንጫፍ እየከረከመ አሚሎፔክቲኑ በሥርዓት እንዲደረደር ያደርጋል። በበቆሎ ውስጥ ይህ ጂን ሲበላሽ ፍሬው በስታርች ፈንታ ስኳርን እና በውሃ የሚሟሟ፣ ግላይኮጅን የሚመስል ነገርን ያከማቻል፤ ከጣፋጭ በቆሎ ዓይነቶች አንዱ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

በሰው ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያለው ግላይኮጅን ቆራጭ ደግሞ በሌላ ስልት ይሠራል። አንድ ፕሮቲን ሁለት ሥራ አለው፦ መጀመሪያ ከቅርንጫፉ ሦስት ግሉኮስ ነቅሎ ወደ ሌላ ጫፍ ይቀጥላል፤ ከዚያ መጋጠሚያው ላይ የቀረችውን አንዲት ግሉኮስ ይቆርጣል። ይህ ፕሮቲን ሲጎድል ዓይነት ሦስት የተባለው የግላይኮጅን ክምችት በሽታ ይከሰታል። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ፑሉላኔዝ ቅርንጫፉን በአንድ ምት ያነሳል፤ ያቺን አንዲት ግሉኮስ ግን ሊነካት አይችልም።