የሌንስ ምስል ማረጋጊያ ምንድን ነው?

በሌንስ አንገት ዙሪያ የታተመውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ከሚሊ ሜትሩ (ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ ከሚያሳየው ቁጥር) እና ከአፐርቸሩ (ብርሃን ከሚገባበት ቀዳዳ) ቁጥር አጠገብ ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ማየቱ አይቀርም። ካኖን «አይኤስ» ይላቸዋል፤ ኒኮን «ቪአር»፣ ሶኒ «ኦኤስኤስ»፣ ታምሮን «ቪሲ»፣ ሲግማ «ኦኤስ»፣ ፉጂፊልምና ፓናሶኒክ ደግሞ «ኦአይኤስ»። ስያሜው እንደ አምራቹ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ የፎቶ አንሺው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው የካሜራው ክፍል) ላይ ባለበት እንዲቆይ የሚያደርግ፣ በሌንሱ ውስጥ የተገጠመ ማረጋጊያ ነው። ሻጮች «እጅህ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለም» ብለው ያልፉታል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚቆጨው ባልተነገረው ግማሽ ምክንያት ነው።

የእጅ መንቀጥቀጥ በሁሉም ሌንስ ላይ እኩል ጉዳት አያደርስም። ካሜራው የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ዘንበል ቢል በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚታየው ምስል ሴንሰሩ ላይ 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ይንሸራተታል፤ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ያው ዘንበል ማለት 0.35 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቁጥሮቹ ኢምንት ይመስላሉ። ነገር ግን 24 ሜጋፒክስል ባለው ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልምን ያህል በሚሰፋው) የአንዱ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ አንድ ነጥብ፣ ስፋት 0.006 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያው ሰባት ፒክስል፣ ሁለተኛው ወደ ስድሳ ፒክስል የሚጠጋ ብዥታ ነው። ከፊልም ዘመን ጀምሮ «ሹተር ስፒድህ ከሌንስህ ሚሊ ሜትር አይነስ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሹተር ስፒድ ብርሃን የሚያስገባው በር (ሹተሩ) ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ነውና በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያነሳ ሰው ቢያንስ 1/200 ሰከንድ መጠቀም አለበት ማለት ነው። ሴንሰሩ አነስ ያለ፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 1/300 ይሆናል።

ማረጋጊያው የሚሠራው እስከ አፉ የተሞላ የቡና ሲኒ ይዞ የሚራመድ ሰው እንደሚያደርገው ነው። ሰውነቱ ወደ ግራ ሲያዘነብል የእጁ አንጓ ሳያስበው ወደ ቀኝ ይመልሳል፤ ቡናው አይፈስም። በሌንሱ ውስጥ ያሉ ጋይሮስኮፕ የተባሉ ሁለት ጥቃቅን መለኪያዎችም አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለውን መዞር እየለኩ ለሌንሱ ኮምፒውተር ያስተላልፋሉ፤ ኮምፒውተሩም በኤሌክትሮማግኔት ተይዞ የሚንሳፈፍ አንድ የመስታወት ክፍል ንቅናቄውን በሚያጠፋው አቅጣጫ እንዲገፋ ያዛል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ፎቶ አንሺው የሹተሩን ቁልፍ እስከ ግማሽ ሲጫን በብዙ ሌንሶች ላይ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ በመመልከቻው ውስጥ ሲዋዥቅ የነበረውም ምስል ቀጥ ይላል። ኒኮን ይህን ሥርዓት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 በአንድ አነስተኛ የፊልም ካሜራ ላይ ሲያወጣ፣ ካኖን በማግስቱ ዓመት ከካሜራው በሚነቀል ሌንስ ላይ፣ በ75–300 ሚሊ ሜትር ዙሙ፣ አውጥቶታል። ሁለቱም የጀመሩት በዙም ሌንስ፣ ያውም ካኖን በረጅሙ መሆኑ፣ ችግሩ ከየት ይብስ እንደነበረ ያሳያል።

የማረጋጊያው ጉልበት የሚለካው «ስቶፕ» በተባለ ልኬት ነው። አንድ ስቶፕ ማለት ሹተሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ሆኖም ምስሉ ሳይደበዝዝ መቅረቱ ነው። አራት ስቶፕ የተባለለት 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1/200 ወደ 1/100፣ ከዚያ ወደ 1/50፣ ወደ 1/25፣ በመጨረሻም ወደ 1/13 ሰከንድ ያወርዳል ይባላል። የመጀመሪያው የካኖን ሌንስ የተባለለት ሁለት ስቶፕ ነበር፤ ዛሬ ማስታወቂያዎች ስምንትና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ቁጥሩ የሚገኘው ካሜራውን በሚያንቀጠቅጥ ማሽን ላይ በሚደረግ ልኬት እንጂ ደረጃ ወጥቶ በሚያለከልክ፣ ወይም ጠዋት ሦስት ሲኒ ቡና በጠጣ ሰው እጅ ላይ ስላልሆነ፣ እኔ ከተጻፈው ላይ አንድ ስቶፕ ቀንሼ ማሰብን ልማድ አድርጌዋለሁ።

ያልተነገረው ግማሽ የሚገለጠው የሚነሳው ነገር ራሱ ሲንቀሳቀስ ነው። ለዚህ ከሌሊት ማኅሌት የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ቤተ መቅደሱ በሻማና በጥቂት አምፖል ብቻ ይበራል፤ ፍላሽ ማብራት ነውር ነው። ከካሜራው ጋር የመጣውን 18–55 ሚሊ ሜትር ባለማረጋጊያ ሌንስ እስከ 55 ስቤ፣ በዚያ ርዝመት የሚፈቅደው ትልቁ አፐርቸር ኤፍ 5.6 ስለሆነ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ በ1/5 ሰከንድ አነሳሁ። በስክሪኑ ላይ ሳሰፋው የግድግዳው ሥዕል፣ የምሰሶው ስንጥቅ፣ መሬት የተቀመጠው ከበሮ ጠፍር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ መቋሚያቸውን ይዘው የሚያሸበሽቡት ሊቃውንት ግን ነጭ ጭስ ሆነዋል። ማረጋጊያው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። የኔን እጅ ይዞልኛል፤ የነሱን ወረብ ግን ሊያስቆም አይችልም። ከዚያ ምንም ማረጋጊያ የሌለውን፣ ዋጋውም ረከስ ያለውን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ገጠምሁ። ይህ ሌንስ ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ስለሚያስገባ ሹተሩ ወደ 1/50 ወጣ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አንድ ደረጃ ከፍ ሳደርግ 1/100 ሆነ። ፊታቸው ተለየ፤ የደበዘዘው የጸናጽሉ ጫፍ ብቻ ነበር፤ እሱም ያምራል።

ስለዚህ ሌንስ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት ስንት ስቶፕ እንዳለው ሳይሆን የሚንቀሳቀሰው ማን እንደሆነ ነው። የሚንቀሳቀሰው የአንሺው እጅ ብቻ ከሆነ፣ ሌንሱም ረጅም ከሆነ፣ ማረጋጊያው ከተከፈለበት ዋጋ በላይ ይሠራል። በሰሜን ተራሮች ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ዋልያ በማለዳ ብርሃን በ300 ሚሊ ሜትር ሲነሳ፣ ያለ ማረጋጊያ 1/300 ሰከንድና አይኤስኦ 1600 የሚጠይቀው ፎቶ፣ አራት ስቶፕ ባለው ሌንስ በ1/20 ገደማና በአይኤስኦ 100 ሊያዝ ይችላል፤ የቀንዱ ጉጦችና የደረቱ ፀጉር በዚህ ልክ የሚለያዩት አይኤስኦው ዝቅ ሲል ነው። እንስሳው መዝለል ከጀመረ ግን ወደ ማኅሌቱ ችግር ተመለስን። የሚሮጥ ልጅ፣ የሠርግ ጭፈራ፣ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚያነሳ ሰው ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ አፐርቸሩ ሰፊ የሆነውን ይግዛ። ከ24 ሚሊ ሜትር በታች ባሉ ሌንሶች ላይ ማረጋጊያ እየተራመደ ቪዲዮ ለማይቀርጽ ሰው ጌጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካሜራውም መታየት አለበት። የካኖንና የኒኮን ዲኤስኤልአር ካሜራዎች (ምስሉን ወደ መመልከቻው የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለባቸው) በውስጣቸው ሴንሰር የሚያረጋጋ ነገር ስለሌላቸው የእነሱ ባለቤት ያለው አማራጭ የሌንሱ ማረጋጊያ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኦሊምፐስ ኢ-ኤም5፣ በ2014 የወጣው ሶኒ ኤ7 II እና ከነሱ በኋላ የመጡ ብዙ መስታወት አልባ ካሜራዎች ግን አምስት ዓይነት ንቅናቄን ለማጥፋት ሴንሰሩን ራሱን ያንቀሳቅሳሉ፤ ማረጋጊያ የሌለው አሮጌ ሌንስ እንኳ በእነሱ ላይ ይረጋጋል። ካሜራው እንደ መኪና መሪ ወዲያና ወዲህ ሲሽከረከር የሚመጣውን ብዥታ ሊያርም የሚችለውም ሴንሰሩ እንጂ ሌንሱ አይደለም። በተቃራኒው፣ ቀደም ሲል እንደተሰላው፣ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ምስሉ የሚንሸራተትበት ርቀት ስለሚበዛና ሴንሰሩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ውስን ስለሆነ፣ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ የሌንሱ ማረጋጊያ ተፈላጊነት አይቀንስም።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ፊደላቱን በጥንቃቄ ያንብብ። ለምሳሌ የካኖን 70–200 ኤፍ 4 ነጭ ሌንስ ማረጋጊያ ያለውም የሌለውም ተሠርቷል፤ ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፣ በክብደትም የሚለያዩት በ55 ግራም ብቻ ነው፣ በዋጋ ግን አይገናኙም። ማረጋጊያው መኖሩ ብቻ ሳይሆን መሥራቱም መፈተን አለበት። በሱቁ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ወይም የቀን መቁጠሪያ ይሰቀልና፣ ሌንሱ 200 ሚሊ ሜትር ላይ ሆኖ በ1/25 ሰከንድ አሥር ፎቶ ማረጋጊያው በርቶ፣ አሥር ፎቶ ደግሞ ጠፍቶ ይነሳል፤ ከዚያ በስክሪኑ ላይ እያሰፉ ደቃቁ ጽሑፍ የሚነበብባቸውን መቁጠር ነው። ልዩነቱ ግልጽ ካልሆነ፣ ወይም ማብሪያው ሲነካ በመመልከቻው ያለው ምስል ዘሎ ወደ አንድ ጥግ ከሄደ፣ ወይም ካልተቋረጠ መንቀጥቀጥ ጋር ገር ገር የሚል ድምፅ ከተሰማ መስታወቱን የሚገፋው ክፍል ተጎድቷል ማለት ነውና ሌንሱን መመለስ ይሻላል። ካሜራው ጠፍቶ ሌንሱ ሲወዘወዝ የሚሰማ ቀላል ኳኳታ ግን በአንዳንድ ሌንሶች ላይ የተለመደ ነው፤ የሚንሳፈፈው መስታወት ኤሌክትሪክ ሲያጣ ስለሚላላ የሚመጣ ነው። ፈተናው በእጅ ይደረግ፤ አሮጌ ማረጋጊያዎች ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ሲቀመጡ የሌለ ንቅናቄ እየፈለጉ ራሳቸው ምስሉን ስለሚያንሸራትቱ፣ ደህናውን ሌንስ የተበላሸ ያስመስሉታል።