«ጥይቱ ከወፈረ ይበቃል»፦ ስለ ሽጉጥ ደሴ ላይ የሰማኋቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የእህቴ ልጅ አላስካ ነው የሚኖረው። ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እረፍት ሲያገኝ ደግሞ ወንዝ ዳር ወርዶ ዓሣ ያጠምዳል። ችግሩ ያንን ወንዝ ድቦችም ይፈልጉታል። ስለዚህ ሽጉጥ ለመግዛት አሰበ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ የሚተኩስበት፣ ጫካ ሲገባ ደግሞ ደረቱ ላይ የሚይዘው፣ ጠንከር ያለ ሽጉጥ።

ጥር ላይ ለእህቱ ሠርግ ደሴ መጣ። እናቱ ቤት ቡና ተፈላ። አቦሉ ሳይጠጣ የሽጉጡ ጨዋታ ተነሳ፤ በረካው ላይም አላለቀም። ዘመድም ጎረቤትም የሚያውቀውን መከረው። ሁሉም ለልጁ ብለው ነው። እኔ ግን ወታደር ነበርኩ፤ ለዓመታት ምልምሎችን ተኩስ አስተምሬአለሁ። ያን ቀን ከተባለው ብዙው ልክ አልነበረም። አንዳንዱ ስህተት ገንዘብ ነው የሚያስከስረው። አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው አንድ በአንድ የምጽፈው።

«ጥይቱ በወፈረ ቁጥር ጉልበቱ ይበልጣል»

አንድ ጎረቤታችን «ኮልት 45 ግዛ፤ ጥይቱ ጣት ያህላል» አሉት። ጥይቱ ወፍራም መሆኑ እውነት ነው፤ 45 ማለት የኢንች 45 መቶኛ፣ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። የጥይት ጉልበት ግን የሚመጣው ከአረሩ ክብደትና ከፍጥነቱ ነው። ፍጥነቱ ደግሞ ይበልጥ ይቆጠራል። ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ።

የኮልት 45 አረር 15 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሚበረው ግን በሰከንድ 255 ሜትር ያህል ነው። ጉልበቱ 480 ጁል አካባቢ ይሆናል፤ ጁል የጉልበት መለኪያ ነው። የቀጭኑ የ9 ሚሊ ጥይት አረር 8 ግራም ነው፤ ሆኖም 360 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ጉልበቱም 500 ጁል አካባቢ ነው። ያ ሁሉ የውፍረት ልዩነት እያለ ጉልበታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ልጁ ያሰበው 10 ሚሊውን ነበር። እሱ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥይት ነው፤ ሙሉ ባሩድ ሲሞላ 13 ግራም አረር በሰከንድ 365 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ይህ ከ850 ጁል በላይ ነው። ከኮልቱ ይቀጥናል፣ ጉልበቱ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል።

«ኃይለኛ ሽጉጥ የያዘ ሰው ጠብመንጃ አያስፈልገውም»

አገሬው ሁሉ የሚያውቀው የክላሽ ጥይት 2,000 ጁል ገደማ ጉልበት አለው። እንግዲህ ኃይለኛ የተባለው ባለ 10 ሚሊ ሽጉጥ ግማሹን እንኳ አይሞላም። «ኃይለኛ ሽጉጥ» ማለት ከሽጉጦች መካከል ኃይለኛ ማለት ነው።

ግሪንላንድ ውስጥ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች በረዶ የሚያቋርጥ የዴንማርክ ወታደራዊ ቅኝት አለ። ሲሪየስ ይባላል። እነዚህ ሰዎች ነጭ ድብ ቢመጣባቸው ብለው ግሎክ 20 የተባለውን ባለ 10 ሚሊ ሽጉጥ ይይዛሉ። 15 ጎራሽ ነው። ነገር ግን ጠብመንጃቸውን አልተዉም። ሽጉጡ ጠብመንጃው ካልደረሰ የሚመዘዝ ነው።

ለልጁ ሌላም ነገር ነገርኩት። እዚያ አገር ከበርበሬ ቅመም የሚሠራ የድብ ስፕሬይ ይሸጣል። በአላስካ ሰዎች ስፕሬዩን ቡናማ ድብ ላይ የረጩባቸው አጋጣሚዎች ተጠንተዋል። ከ10 በ9ኙ ገደማ ድቡ ማጥቃቱን ትቷል። በድንጋጤ ውስጥ ትንሽ አረር ከማሳረፍ ደመና የሚያህል በርበሬ መርጨት ይቀላል። መጀመሪያ ስፕሬዩን ግዛ አልኩት።

«ዘጠኝ ሁሉ ዘጠኝ ነው»

ይሄኛው አደገኛ ነው። ማካሮቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ ጥይትም 9 ሚሊ ይባላል፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ሽጉጦች የሚጎርሱትም 9 ሚሊ ይባላል። አንድ አይደሉም። የማካሮቩ ቀልሃ 18 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ የሌላው 19። የማካሮቩ አረር ደግሞ በውፍረት በጥቂቱ ይበልጣል። አንዱን ለሌላው ሽጉጥ «ቢበዛ ጥይቱ ይሰነቀራል» ብላችሁ ለማጉረስ አትሞክሩ፤ ሽጉጡ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙ ላይ የተጻፈውንና ቀልሃው ቂጥ ላይ የታተመውን አስተያዩ። ካልገጠመ አይተኮስም።

«ወንድ ልጅ ርግጫ አይፈራም»

ርግጫ ማለት ሽጉጡ ሲተኮስ እጅን ወደ ኋላ መምታቱ ነው። ይህን ያሉት አንድ አጎቱ ናቸው። በጣም የማከብራቸው ሰው ናቸው። ግን ተሳስተዋል፤ ብዙ ተኳሽ የሚበላሸው በዚህ አባባል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ. ማለት ነው፣ ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሰ። ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፣ ሌሎች አምስት ቆሰሉ። ከዚያ ወዲህ «ጠንካራ ጥይት ያስፈልገናል» ተባለና ወደ 10 ሚሊ ሄዱ። ለብዙ መርማሪዎች ግን ርግጫው ከበደ። መጀመሪያ ባሩዱ ተቀነሰ። በ1990 ከ10 ሚሊው አጠር ያለ፣ 40 የሚባል ጥይት ተሠራ። በመጨረሻ ከ2015 ጀምሮ ወደ 9 ሚሊው ተመለሱ። እነዚህ ሥራቸው መሣሪያ የሆኑ ሰዎች ናቸው። የፈሪነት ጉዳይ አይደለም። ሰውነት ፍንዳታና ምት ሲጠብቅ ቀድሞ ይሸማቀቃል። ዓይን ይጨፈናል፣ እጅ ወደ ታች ይገፋል፣ አረሩም ከዒላማው በታች ይገባል።

ልጁ «እኔ አልሸማቀቅም» አለኝ። ስለዚህ ወደ አላስካ ሲመለስ አንድ ነገር እንዲያደርግ ነገርኩት። ጓደኛው ካዝናውን ይሙላለት፤ ከእውነተኛዎቹ መሃል ግን ባሩድ የሌላቸው ሁለት የልምምድ ጥይቶች ይቀላቅልበት። የትኛው መቼ እንደሚመጣ ተኳሹ አያውቅም።

ቪዲዮውን ላከልኝ። የሚተኩሰው በጓደኛው ባለ 10 ሚሊ ሽጉጥ ነው። አንደኛው ጮኸ። ሁለተኛው ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ቃታውን ሳበ፤ «ቀጭ» አለ፣ ምንም የለም። የሽጉጡ አፍ ግን ልክ እንደተተኮሰ ሁሉ አራት ጣት ያህል ወደ መሬት ደፋ አለ። ምንም ሳይራገጥ እጁ ራሱ ደፋው። ልጁ ሽጉጡን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረንም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ ታረጋግጣለህ። የምትለማመድበት ክፍል ውስጥ ጥይት አይኑር። የምታነጣጥርበት ግድግዳ ጥይት የማያሳልፍ ይሁን። ከዚያ የሽጉጡ አናት ላይ፣ ከፊት ማነጣጠሪያው አጠገብ፣ ሳንቲም ታስቀምጣለህ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታውን መሳብ ነው ሥራው። ልጁ ከኪሱ የተረፈችውን የአንድ ብር ሳንቲም ነው የሚጠቀመው። መጀመሪያ ሳምንት ስትንኳኳ ነው የከረመችው።

«ረጅም አፈሙዝ ያለው ብቻ ነው የሚያልመው»

ግማሽ እውነት አለው። አፈሙዙ ሲረዝም የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ይራራቃሉ፤ ስህተትም ያንሳል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ቢኖርና የፊተኛው በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ርቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስህተቱ 12.5 ይሆናል። ይጠቅማል። ግን ያቺን 1 ሚሊ ሜትር የሚያዛንፋት እጅ ነው።

ስለዚህ ሽጉጥ ስትመርጥ ከርዝመቱ በፊት እጀታውን ጨብጥ። የጠቋሚ ጣትህ የመጀመሪያ አንጓ ሳትንጠራራ ቃታው ላይ ይደርሳል? ባለ 10 ሚሊ ሽጉጦች እጀታቸው ሰፊ ነው፤ ጥይቱ ረጅም ስለሆነ። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ቃታውን ለመድረስ ጭብጡን ያጣምማል። እንዲህ ከሆነ ሽጉጡ ምንም ጥሩ ቢሆን የእሱ አይደለም። ክብደትም አለ። ግሎክ 20 ጥይት ሞልቶ 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ዴዘርት ኢግል የሚባለው፣ ፊልም ላይ የሚታየው ግዙፍ ሽጉጥ፣ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው አልመክረውም።

«ለዒላማ ውድድርም ትልቁ ይሻላል»

በኦሊምፒክ የ25 ሜትር ሽጉጥ የሚተኮሰው በ22 ነው፤ 5.6 ሚሊ የሆነች ትንሽዬ ጥይት። በ10 ሜትሩ ደግሞ በአየር ግፊት የሚሠራ 4.5 ሚሊ። ርግጫ የለም፣ ዋጋዋም ቀላል ነው። ልጁንም መጀመሪያ በ22 ጀምር፣ ከዚያ ወደ 9፣ ከዚያ ወደ 10 ውጣ አልኩት።

«ካዝናው ከወጣ ሽጉጡ ባዶ ነው»

እባካችሁ ይሄን ለልጆቻችሁም ንገሩ። ራሱን የሚያጎርስ ሽጉጥ አንድ ጥይት ጎርሶ አፈሙዙ ሥር ይይዛል። ካዝናውን ስታወጣው የምታወጣው የተቀሩትን ነው። ያቺ አንዷ እዚያው ናት። ቃታው ከተሳበ አብዛኛው ሽጉጥ ይተኩሳታል።

ቅደም ተከተሉም ይቆጠራል። መጀመሪያ ካዝና ይወጣል። ከዚያ የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ይሳባል፤ የጎረሰው ጥይት ተፈናጥሮ ይወጣል። ከዚያ በዓይን ይታያል፣ ጨለማ ከሆነ በትንሽ ጣት ይዳሰሳል። ሰው ሲቸኩል ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ይስባል፣ አንድ ጥይት ይወጣለታል፣ ደስ ይለዋል፤ ካዝናው ግን ገና እዚያው ስለሆነ ሌላ ጥይት ጎርሷል። ከዚያ ካዝናውን ያወጣና «ባዶ ነው» ብሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ምልምሎቼን በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ምሬአቸው አላውቅም።

«ሽጉጥ ወገብ ላይ ይሻጣል»

በቀበቶ ብቻ የተሻጠ ሽጉጥ ይንሸራተታል፣ ቃታውም በልብስ ይያዛል። እንደ ግሎክ ያሉት ደግሞ በጣት የሚገፋ የጎን መቆለፊያ የላቸውም። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር ግዴታ ነው። አላስካ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ደረት ላይ ነው የሚያስሩት፤ ወንዝ ውስጥ ሲገቡ ወገባቸው ይረጥባል።

«ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ይጠፋል»

አይጠፋም። ይወርዳል። የሽጉጥ ጥይት አዘንብሎ ከተተኮሰ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሽቅብ የተተኮሰውም ሲወርድ የሰው ቆዳ ለመብሳት በቂ ፍጥነት ሊኖረው ይችላል።

እኛ አገር ለሠርግም ለለቅሶም ይተኮሳል። ከዓመታት በፊት የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጥይት የጎረቤታችንን ጣሪያ በስቶ ገባ። ጠዋት ሄጄ አየሁት። ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ አለች። በእሷ የገባው የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ፣ ከረከቦቱ አጠገብ፣ አንዲት ክብ ነጥብ ሠርቷል። ማታ እዚያ ቦታ የስድስት ዓመት ልጅ ተኝታ ነበር። ጥይቱ የፍራሹን ጠርዝ ነው ያገኘው። እናትየው ቀዳዳውን ለብዙ ጊዜ አልደፈነችውም። በእህቴ ልጅ እህት ሠርግ አንድም ጥይት እንዳይተኮስ የለመንኩት ለዚህ ነው። አልተኮሱም። እልልታው በቂ ነበር።

«ወሎም ዱር አለ፤ እዚህም ይጠቅማል። ለአጎትህ አንድ ይዘህ ና»

መጀመሪያ ሕጉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። ያለ ፈቃድ ማስገባትም መያዝም ወንጀል ነው። ስጦታ ነው ማለት አያድንም።

ሁለተኛ፣ የእኛ ዱር ድብ የለውም። ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ብትወጡ የምታገኙት ሣር የሚግጥ ጭላዳና አይጥ የሚያድን ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ የቀረውም ከ500 አይበልጥም። እሱ ነው እኛን መፍራት ያለበት። ከሁሉ በላይ የሚጨርሰው ከውሾቻችን የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለሚወጣ ሰው ውሻውን ማስከተብ ከሽጉጥ ይልቅ ይጠቅማል። ጅብ ሌላ ነው፤ ውጭ የተኛ ሰውና ሕፃን ላይ ይደፍራል። ለእሱ ግን ዱላ፣ ጥሩ ባትሪ፣ ጓደኛና የተዘጋ በረት አለ። አያቶቻችን በዚያ ነው የኖሩት።

ልጁ የካቲት ላይ ተመለሰ። ስፕሬዩን ገዛ፤ ቀጥሎ ባለ 22 ሽጉጥ። 10 ሚሊውን እስከ ክረምት አቆይቶታል። ባለፈው ሳምንት የወረቀት ዒላማ ፎቶ ላከልኝ። በ15 ሜትር አምስት ጥይት ነው። አራቱ በስኒ ማስቀመጫ ልክ ተሰብስበዋል። አምስተኛዋ ዝቅ ብላ ብቻዋን ናት።

ወዲያው ደወልኩለት። «አምስተኛዋ ላይ ዓይንህን ጨፍነሃል» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «አዎ ጋሼ» አለኝ።